ለራም 2500 ሾርት ቤድ ጉዝኔክ ይሻላል ወይስ ፊፍዝ ዊል? አንድ ሂች (ተሳቢ መያዣ) ለሁለት ትሬለር ይሆናል?

ሀበሻ_አውሮራ
ሰላም ቤተሰብ። ከኮሎራዶ ነኝ። ኡበር ላይ 6 ዓመት ሠራሁ፣ በቃኝ። ባለፈው ወር 2019 ራም 2500 ፒክአፕ ገዛሁ። ከሚንስ ዲዝል ነው፣ ባለ 4 በር፣ ፎር ባይ ፎር፣ ሾርት ቤድ (የኋላ መጫኛው አጭር)። ሐሳቤ ሆትሾት (በፒክአፕ ጭነት ማድረስ) መጀመር ነው። ሦስት መኪና የሚጭን ዌጅ ትሬለር አይቻለሁ፣ ጉዝኔክ ነው፣ ጂቪደብሊውአሩ (ከነጭነቱ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት) 14,000 ፓውንድ። የኔ መኪና ደግሞ 10,000 ነው። ድምሩ 24,000 ስለሚሆን ከ26,001 በታች ነህ፣ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) አያስፈልግህም ብለውኛል።

ሌላም ጣጣ አለ። የባለቤቴ ወንድም ፊፍዝ ዊል ካምፐር (የሚጎተት ማረፊያ ቤት) አለው። የሱ መኪና ሞተሩ ስለተበላሸ ክረምት ሳይገባ እኔ እንድጎትትለት ይፈልጋል። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አንድ ሂች ገዝቼ ሁለቱንም መጎተት እችላለሁ? የቤዱ ወለል ላይ ምንም ቀዳዳ የለም። አንድ ሱቅ ደውዬ "አምጣው፣ በአንድ ቀን እንገጥምልሃለን፣ ማንኛውም ይሆንልሃል" አሉኝ። ይሄ "ማንኛውም ይሆናል" የሚሉት ነገር ደስ አላለኝም።

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ መኪናው ጎበዝ ነው። ደስ አለማለትህም ልክ ነው።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንለይ። ጉዝኔክ ማለት ቤዱ መሀል፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ የሚቀመጥ ኳስ ነው። 2 ከ5/16 ኢንች ነው ኳሱ። የትሬለሩ አንገት ከላይ መጥቶ ኳሱ ላይ ይቀመጣል፣ ከታች በፒን ይቆለፋል፣ ከዚያ ሰንሰለት ታስራለህ። ፊፍዝ ዊል ደግሞ በትልልቆቹ ሰሚዎች ላይ የምታየው ዓይነት ነው። ትሬለሩ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ኪንግ ፒን አለው፣ ሂቹ መንጋጋ አለው፣ መንጋጋው ፒኑን ይነክሰዋል። ጉዝኔክ የጭነትና የከብት ትሬለር ነው፣ ፊፍዝ ዊል የካምፐር። ሁለቱ በቀጥታ አይጋጠሙም፤ ኳስ ኪንግ ፒን አይዝም።

አሁን ሂቹን ተወውና የሾፌሩን በር ክፈት። ቢጫና ነጭ ስቲከር አለ፣ የሰውና የጭነት ድምር ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል። ቁጥሩን ጻፍልን። ከዚያ በኋላ ስለ ሂች እናወራለን።

ሀበሻ_አውሮራ
2,010 ፓውንድ ይላል። ግን ሻጩ 17,000 ምናምን ይጎትታል ብሎኝ ነበር?

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
ይጎትታል፣ አልዋሸህም። አይሸከምም እንጂ። የጋሪ ፈረስ ጋሪ ሲጎትትና ጭነቱ ጀርባው ላይ ሲወጣ አንድ ነው እንዴ? ጉዝኔክም ፊፍዝ ዊልም የትሬለሩን ክብደት ከፊሉን ጀርባህ ላይ ያወጡታል። ከ15 እስከ 25 በመቶው ሂቹ ላይ ያርፋል። ፒን ዌይት የሚሉት እሱ ነው። ከኋላ መከላከያ ላይ በሚጎተት ትሬለር ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው።

እንደምር። ባለ 3 መኪና ዌጅ ባዶውን 5,700 አካባቢ ነው በል። ሁለት ሴዳን፣ እያንዳንዱ 3,300። 12,300 ሆነ። 20 በመቶው 2,460 ፓውንድ ነው። ያንተ ፔይሎድ (መኪናህ የሚሸከመው) 2,010 ነው። ገና አንተ መኪናው ውስጥ አልገባህም፣ ሂቹ አልተገጠመም፣ ሰንሰለትና ማሰሪያ አልጫንክም፣ ሦስተኛ መኪና የሚባለውንማ ተወው። አልቋል። ጥያቄህ የሂች ጥያቄ አይደለም፤ ሂቹን ተወው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ፈጣን_ጭነት
ኧረ ተዉት ልጁን አታስፈራሩት። እኔ 2500 ይዤ 2 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኤርባግ (የመኪናውን ኋላ የሚደግፍ የአየር ከረጢት) አስገጥመህ ትሄዳለህ፣ ማንም አይነካህም። ወይም መኪኖቹን ወደ ኋላ ገፋ አድርገህ ጫናቸው፣ አፍንጫው ይቀልልሃል።

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
@ፈጣን_ጭነት ወንድሜ በአክብሮት ነው፣ ሁለቱም ምክር ስህተት ነው። ኤርባግ የመኪናውን ኋላ ቀና ያደርጋል፣ ፋብሪካው የጻፈውን ቁጥር ግን አይቀይርም። ፍሬኑ ያው፣ አክስሉ ያው፣ ጎማው ያው። ጭነቱን ወደ ኋላ መግፋት ደግሞ የባሰ ነው። ሂቹ ላይ የሚያርፈው ከ15 በመቶ በታች ከወረደ ትሬለሩ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ያንን ደግሞ ነፋስ ባለበት በዋዮሚንግ አውራ ጎዳና ላይ ማየት አትፈልግም። "ማንም አይነካህም" የሚለው እስኪነኩህ ድረስ ነው። 10,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ሆነህ ስቴት አቋርጠህ ለንግድ ስትጭን ዶት (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የሕክምና ካርድ፣ ሚዛን ጣቢያ አለብህ። ሲዲኤል የለኝም ማለት ሚዛን አይመለከተኝም ማለት አይደለም።

ብረት_በያጅ
ጥሩ ተነጋግራችኋል፣ እኔ ስለ መግጠሙ ላክልበት፤ ሥራዬ ነው።

ቤዱ ወለል ላይ ቀዳዳ የለም ካልክ የፋብሪካ ፕሬፕ (ለሂች ቀድሞ የተዘጋጀ ወለል) የለህም ማለት ነው። ፕሬፕ ያለው መኪና ወለሉ ላይ 4 ክብ ክዳኖች በማዕዘን፣ አንድ መሀል አሉት። ፐክ ይባላሉ። መሀለኛው ለጉዝኔክ ኳስ ነው፣ አራቱ ለፊፍዝ ዊል። ፎርድ ሱፐር ዱቲ ላይ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ታገኛለህ፣ ራም ከ2013፣ ጂኤም ከ2016። አማራጭ ስለሆነ ሁሉም መኪና ላይ የለም። ደግሞ ልብ በል፣ የፐኮቹ አቀማመጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለፎርድ የተሠራ ሂች ራም ላይ አይቀመጥም። ክሬግስሊስት ላይ በርካሽ የሚሸጡ ሂቾች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው የሚሸጡት፤ ባለቤቱ መኪና ቀይሯል።

ፐክ ከሌለህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሬይል ነው፤ ወለሉ ላይ ሁለት ብረት በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ የከርት ወይም የሪስ ኩባንያ ፊፍዝ ዊል እሱ ላይ ይቀመጣል። ሂቹን ስታወጣ ሬይሎቹ እዚያው ይቀራሉ፣ አካፋ ስትጠቀም ያደናቅፉሃል። ሁለተኛው ከቤዱ ሥር የሚገባ የጉዝኔክ ኪት ነው። ለምሳሌ የቢ ኤንድ ደብሊው ተርንኦቨር ቦል። አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ትበሳለህ፣ ኳሱን ሳትፈልግ ገልብጠህ ትደብቀዋለህ፣ ቤዱ ንጹሕ ይሆናል። 30,000 ፓውንድ ይጎትታል፣ 7,500 ይሸከማል ተብሎ የተለካ ነው። እዚያው ቀዳዳ ላይ ደግሞ የራሳቸው ኮምፓኒየን የሚባል ፊፍዝ ዊል ይቆማል። አንድ መሠረት፣ ሁለት ሂች። አንተ የፈለግከው ይሄ ነበር።

ግን! የኪቱ 30,000 የኪቱ ነው፣ የመኪናህ አይደለም። ከሂች፣ ከመኪና፣ ከትሬለር፣ ከጎማ ትንሹ ቁጥር ነው የሚገዛህ። ሌላው፣ ከ2014 ወዲህ ራም 2500 ኋላው ባሌስትራ ሳይሆን የተጠቀለለ ሞላ ነው፤ 3500 ግን ባሌስትራ ነው። ከሥር የሚገባው ብረት አቀማመጡ ስለሚለይ ኪቱን በዓመትና በሞዴል እዘዝ። "አንድ ነው" የሚልህን ሱቅ አትመን። ለኔ አንድ ደንበኛ መጥቶ ነበር፣ ሌላ ቦታ ያስገጠመው። በያጁ ከሥር ሳያይ ትራፓኖውን አስገብቶ የመብራት ሽቦ በጥሶለታል፣ አንዱን ቡሎን ደግሞ በእጅ ብቻ ነው ያጠበቀው። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 100 ማይሎች እንደነዳህ ቡሎኖቹን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ መልሰህ አጥብቅ።

እናት_ካምፐር_ሲያትል
ስለ ካምፐሩ እኔ ልናገር፣ በራሴ መኪና የተማርኩት ስለሆነ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም።

ሾርት ቤድ ላይ ፊፍዝ ዊል ስትገጥም ትልቁ ችግር ጋቢናው ነው። መኪናው ጠባብ ኩርባ ሲዞር የካምፐሩ ጥግ ወደ ኋላ መስኮትህ ይመጣል። 8 ጫማ ቤድ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። 6 ከግማሽ አካባቢ ላይ ግን አለ። መፍትሔው ስላይደር ነው፤ ለመዞር ስትል ሂቹ ወደ ኋላ የሚንሸራተት። በእጅ የሚለቀቅ አለ፣ እንደ ፑልራይት ሱፐርግላይድ ራሱ የሚንሸራተትም አለ። እኛ በእጅ የሚለቀቀውን ነበር የገዛነው። ባለቤቴ ካምፕ ግቢ ውስጥ ሲያዞር ወርዶ ሊቨሩን መሳብ ረሳ። መስኮቱ ሄደ፣ የጣሪያው ጥግም ታጠፈ። ልጆቹ ኋላ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆኑም፣ መስታወት ከፀጉራቸው ስለቅም አመሸሁ። በማግስቱ ራሱ የሚንሸራተተውን አዘዝን።

ሌላው ከፍታ ነው። የዛሬ መኪኖች ስፖንዳቸው ከፍ ያለ ነው። በስፖንዳውና በካምፐሩ ሆድ መሀል 6 ኢንች ያህል ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ አስፋልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይላተማሉ። ካምፐሩም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አፍንጫውን ሰቅለህ ከነዳህ ጭነቱ የካምፐሩ የኋላ አክስል ላይ ብቻ ይወድቃል።

ሀበሻ_አውሮራ
እህቴ አመሰግናለሁ፣ አስደነገጥሽኝ። ጉዝኔክ ኳስ አስገጥሜ ካምፐሩን በአዳፕተር ብጎትተውስ? የካምፐሩን ኪንግ ፒን ወደ ኳስ የሚቀይር ረጅም ብረት አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ብረት_በያጅ
እሱን አትንካው ባይ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካምፐሩ ፒን ሂቹን የሚገናኘው ከፍ ብሎ ነው። ረጅሙን ብረት ስትጨምርበት መያዣው ወደ ቤዱ ወለል ይወርዳል። ፍሬን በያዝክ ቁጥር ያ ብረት እንደ ምሳር ሆኖ የካምፐሩን ሻንሲ ይጠመዝዛል። ካምፐር ደግሞ ቀላል ላሜራና ቀጭን ብረት ነው፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። አንዳንድ የሻንሲ ፋብሪካዎች በዚህ ምክንያት ዋስትና ይከለክላሉ፤ የካምፐሩን ወረቀት አንብብ።

ኳስ ላይ ሆኖ የተሻለው አንደርሰን አልቲሜት ነው። አሉሚኒየም ነው፣ 35 ፓውንድ አካባቢ፣ በአንድ እጅ ታወጣዋለህ። ኳሱ ላይ ይታሰራል፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ኳስ አለው፣ ካምፐሩ ፒን ላይ መያዣ ትገጥማለህ። ከፍታው እንደ ፊፍዝ ዊል ስለሆነ ሻንሲውን እንደዚያ አይጠመዝዝም። አንዳንዱ ሰው ቀላልነቱን አይቶ አይወደውም። እኔ ገጥሜያለሁ፣ ቅሬታ አልሰማሁም።

የገላፊ_ሹፌር
ልጆች ሰላም ናችሁ? እኔ ሰሚ ነው የምነዳው፣ ግን ይህን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የፒክአፑ ፊፍዝ ዊል የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። ፒኑም ያው 2 ኢንች።

ሚሌ አጠገብ አንድ ሌሊት ያየሁት አለ። ጓደኛችን ቸኩሎ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ገጠመ። ጆሮው "ቀጭ" ስትል ሰማ፣ መንጋጋው የዘጋ መስሎት እግሩን አንስቶ ተንቀሳቀሰ። ፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይሆን ከላዩ ነበር የተቀመጠው። ሃያ ሜትር ሳይሄድ ተሳቢው አፍንጫውን አስፋልት ላይ ጣለ። ሰው አልሞተም፣ ግን መንገዱ እስኪነጋ ተዘጋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ ይሄ ነገር ለሂች የተነገረ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ፊፍዝ ዊል ስትገጥም ትሬለሩ ከሂቹ ሰሌዳ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ስትገባበት ሰሌዳው ያንሳው። ከፍ ካለ ፒኑ ከላይ ይገባል። ከዚያ ባትሪ ይዘህ ውረድና መንጋጋው ፒኑን ማቀፉን በዓይንህ እይ። የትሬለሩን ፍሬን በእጅ ይዘህ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርገህ ወደ ፊት ሳብ አድርገው። ከያዘ ይይዝሃል። ክሪኩን የምታነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ሰሌዳው ላይ ግራሶ አትርሳ፣ ወይም አሁን ያለውን የፕላስቲክ ዲስክ አድርግ። ሥራዬ ብሎ ይህን የሚያደርግ ወጣት አላየሁም።

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
ጋሼ እጅ ነስቻለሁ። እኔ በጉዝኔክም እንደዚያው አደርጋለሁ። ኳሱ ላይ መቀመጡን፣ መቆለፊያው መዞሩን፣ ፒኑ መግባቱን፣ ሁለቱ ሰንሰለት፣ ብሬክአዌይ ገመዱ (ትሬለሩ ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘው)፣ ባለ 7 ፒን መብራቱ። ገመዱን ሰንሰለቱ ላይ አትሰሩት እባካችሁ፣ ከመኪናው ጋር ነው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ገመዱም አብሮ ከሄደ ፍሬኑን ማን ይይዘዋል?

ሰሚት_አዲስ
ከአገር ቤት ነኝ። እኔ ሃይሉክስ አለኝ፣ ይህን ፊፍዝ ዊል ቤዱ ላይ አስገጥሜ የእርሻ ተሳቢ መጎተት ይቻላል? ቪዲዮ አይቼ ነው።

ብረት_በያጅ
አይሆንም ወንድሜ፣ በግልጽ ልንገርህ። የሃይሉክስ ሻንሲና የኋላ አክስል ለዚያ ክብደት አልተሠራም። ከኋላ በኳስ የሚጎተት ቀላል ተሳቢ ይበቃሃል፣ እሱንም መጽሐፉ ከሚለው አትለፍ። ቪዲዮው ላይ ያየሃቸው መኪኖች ስፋታቸው ራሱ የኛን ሰፈር መንገድ ይዘጋል።

ፈጣን_ጭነት
እሺ አንድ ነገር ልመን። ትናንት ይህን አንብቤ ሄጄ ካት ስኬል (የጭነት መኪና ሚዛን) ላይ ተመዘንኩ፣ ለቀልድ። የኋላ አክስሌ ከተፈቀደው 600 አልፏል። ዝም ብያለሁ።

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
@ፈጣን_ጭነት አክብሬሃለሁ፣ ብዙ ሰው ተመዝኖ አይናገርም። ለጠያቂውም ጥሩ መንገድ ነው፦ መኪናውን ብቻውን ነዳጁን ሞልተህ መዝን፣ ከዚያ ትሬለሩን ገጥመህ መዝን። የመኪናው ሁለት አክስል ላይ የጨመረው ቁጥር ፒን ዌይትህ ነው። ግምት አያስፈልግም።

ሀበሻ_አውሮራ
ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የባለቤቴ ወንድም ሲሰማ ሳቀብኝ፣ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለኝ፣ ካምፐሩ የሱ ሆኖ ሳለ!

ራሙን ልለውጠው ነው። ዱዋሊ (ኋላው በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው) ራም 3500 አግኝቼ ነበር፣ ሎንግ ቤድ፣ ፐክ ያለው፣ ፔይሎዱ ከ5,000 በላይ። ልፈርም ስል ባለቤቴ ናት ያስተዋለችው። የዱዋሊው ጂቪደብሊውአር 14,000 ነው። 14,000 ሲደመር የትሬለሩ 14,000 ስንት ነው? 28,000። ሲዲኤል ግድ ነው! እናንተም አልነገራችሁኝም።

ባለዱዋሊ_ጋርላንድ
ወይ ጉድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ሲዲኤል ስላለኝ አሳብ ውስጥ አልገባም። ባለቤትህን በጣም አመስግንልኝ። ትሬለሩ 12,000 ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ 26,000 ልክ ላይ ትቆማለህ፣ ግን ባዶው 6,000 ከሆነ የምትጭነው 6,000 ብቻ ነው። ሁለት ሴዳን እንኳ አይገባም በለው። ባለ ነጠላ ጎማ ፎርድ ኤፍ-350 ፈልግ።

ሀበሻ_አውሮራ
እሱኑ አገኘሁ። 2018 ኤፍ-350፣ ነጠላ ጎማ፣ 8 ጫማ ቤድ፣ ጂቪደብሊውአሩ 11,500። ከ14,000 ጋር 25,500። በሩ ላይ 3,540 ይላል። 2,460 ሲቀነስ 1,080 ይተርፈኛል፣ ለኔና ለሰንሰለቴ ይበቃል። ሁለት መኪና እንጂ ሦስት አልጭንም፤ ለምጄዋለሁ። ወለሉ ላይ አምስቱም ክዳኖች አሉ፣ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኳቸው፣ ሻጩ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ለጉዝኔኩ የፎርድ ኳስ መሀል ገባ። ለካምፐሩ ፎርድ ፐክ ላይ የሚቀመጥ ፊፍዝ ዊል ያገለገለ አገኘሁ፣ ሎንግ ቤድ ስለሆነ ስላይደር አልገዛሁም። በለውጡ ትንሽ ገንዘብ ከስሬያለሁ፣ ስንት እንደሆነ አልናገርም።

ትናንት ካምፐሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠምኩ። ጋሼ እንዳሉት ባትሪ ይዤ ወርጄ መንጋጋውን አየሁ፣ ሳብ አድርጌ ሞከርኩ፣ ያዘ። ሁሉን ካደረግኩ በኋላ ስፈታው ግን የኋላ ስፖንዳውን ማውረድ ረስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ፒን ቦክሱ (ኪንግ ፒኑን የያዘው የካምፐሩ አፍንጫ) የስፖንዳውን መሀል ገጨው።

እናት_ካምፐር_ሲያትል
አይዞህ፣ እኛም ገጭተናል። ከመስኮት ይሻላል። መሀሉ የተቆረጠ ባለ ቪ ቅርጽ ስፖንዳ ይሸጣል፣ ካምፐሩን ለብዙ ዓመት የምትጎትት ከሆነ እሱን እይ።

የገላፊ_ሹፌር
ፎቶውን ላከው እስቲ፣ በያጁ ይየው።